ኮንክሪት፣ መስተዋትና ሽብልቅ፤ የሊና ቦ ባርዲ የሥዕል ማቆሚያ ሲመዘን

በኪነ ጥበብ ሂስ ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት ብዙ ተጽፏል፤ ሥራው ስለሚሠራበት ቁስ ግን የተጻፈው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሐያሲው ብዙውን ጊዜ ቁስን የሚያየው እንደ ዝምተኛ አገልጋይ ነው። ሠዓሊው ምን ለማለት እንደ ፈለገ ይጠይቃል እንጂ ቀለሙና ሸራው ምን እንደ ፈቀዱለት፣ ምንስ እንደ ከለከሉት አይጠይቅም። በቤት ዕቃ ሥራ ረገድ ግን እንዲህ ያለው ቸልታ አያስኬድም። ወንበር የሰው ክብደት ይሸከማል፤ ጠረጴዛ ይገፋል፣ ይጎተታል፤ መደርደሪያ ጭነቱን እንደ ያዘ ከዓመት ዓመት ይቆማል። ነዳፊው ለቁሱ የማይችለውን ሥራ ሰጥቶት እንደሆነ፣ ሐያሲው አንድ ቃል ከመተንፈሱ በፊት ዕቃው ራሱ ተሰብሮ ስሕተቱን ይነግረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኮንክሪትን ከሌሎች ቁሶች ጋር አዋሕዶ የቤት ዕቃ ስለ መሥራት ጥቂት ሐሳቦችን ማቅረብ ነው። ለዚህም ዋና ማስረጃ አድርገን የምንወስደው በትውልዷ ጣሊያናዊት፣ በዜግነቷ ብራዚላዊት የሆነችው አርክቴክትና የቤት ዕቃ ነዳፊ ሊና ቦ ባርዲ ለሳን ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠራችውን የሥዕል ማቆሚያ ነው። ማቆሚያው እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራውም ከኮንክሪት፣ ከመስተዋትና ከእንጨት ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሆኖም ይህ ዕቃ በ1996 ከአዳራሹ እንዲወጣ ተደርጎ በ2015 እስኪመለስ ድረስ ለ19 ዓመት ያህል ከቦታው ርቆ ኖሯል። አንድ ሙዚየም አንድን ዕቃ አውጥቶ መልሶ እስከሚያስገባ ድረስ የሚያከራክር ነገር በውስጡ ካለ፣ ነገሩ ከዕቃነት ያለፈ ጉዳይ አለው ማለት ነው።

የቁሱ ጠባይ

ስለ ሥራው ከመናገራችን በፊት ስለ ቁሱ ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኮንክሪት የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የውኃ ድብልቅ መሆኑን ግንበኛ ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቃል። እርጥብ ሳለ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ በጣውላ ወይም በብረት የተዘጋጀለትን ማቀፊያ ሞልቶ ይተኛል። ሲጠነክር ግን እንደ ድንጋይ ይጸናል፤ የጣውላው ጭረትና የመገጣጠሚያው መስመር ሳይቀር በገጹ ላይ ታትሞ ይቀራል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቢጫኑት ብርቱ ነው፤ ቢስቡት ወይም ሊያጎብጡት ቢሞክሩ ግን ፈጥኖ ይሰነጠቃል። መሳብን የሚቋቋምበት ኃይል ጫናን ከሚቋቋምበት ኃይል አንድ ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍራም ምሰሶ ሲሆን የማይበገረው ቁስ፣ ቀጭን የወንበር መቀመጫ ሲሆን ገል ይሆናል።

ኮንክሪት ከሌላ ቁስ ጋር እንዲጋባ ያስገደደው ይኸው ድካሙ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ከጋብቻው መነሻዎች አንዱ ድልድይ ወይም ሕንፃ ሳይሆን የአበባ መትከያ ገንዳ መሆኑ ነው። ጆዜፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ጠንካራ ገንዳ ለማግኘት ሲል በሲሚንቶው ውስጥ የብረት ሽቦ መረብ እየቀበረ መሥራት ጀመረ፤ በ1867ም ለዚሁ ገንዳ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዛሬ አርማታ የምንለው የዚህ ዓይነቱ ጋብቻ ፍሬ ነው። ኮንክሪቱ ጫናውን ይቀበላል፤ በውስጡ የተቀበረው ፌሮ ደግሞ መሳቡን ይቀበላል። ሁለቱ ተስማምተው ሊኖሩ የቻሉትም ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ የሚለጠጡበትና የሚኮማተሩበት መጠን ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ሲሚንቶውም ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ጠባይ ስላለው ነው።

ይሁንና በአርማታ ውስጥ ያለው ጋብቻ ስውር ነው። ተመልካቹ ኮንክሪቱን ያያል፤ ብረቱን አያይም። የቆመውን በረንዳ ሲያይ ኮንክሪቱ ብቻውን የተሸከመው ይመስለዋል። በሕንፃ ሥራ ይህ አስፈላጊ ነው፤ ብረቱ ከተገለጠ ይዝጋልና። በቤት ዕቃ ሥራ ግን ነዳፊው ምርጫ አለው። ኮንክሪቱን የሚያግዘውን ቁስ ሊሰውረው ይችላል፤ ሊያሳየውም ይችላል። የነዳፊው አቋም የሚታወቀው በዚህ ምርጫ ላይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህንንም ለመረዳት ወደ ሊና ሥራ ከመግባታችን አስቀድሞ በኮንክሪት የተሠሩ ሦስት የታወቁ ወንበሮችን እናንሣ።

ሦስት ወንበሮች

የመጀመሪያው የስዊሱ ነዳፊ ቪሊ ጉል በ1954 ያወጣው የአትክልት ቦታ ወንበር ነው። ጉል በሙያው መነሻ አናጢ ነበር። ወንበሩን ግን የሠራው በእንጨት ሳይሆን ኤተርኒት ከሚባለው፣ ከሲሚንቶና ከቃጫ ከተሠራው ስስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ገና እርጥብ ሳለ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፤ መቀመጫው፣ መደገፊያውና መሠረቱ አንድ ያልተቋረጠ ቀለበት ይሆናሉ። እግር የለው፣ ሚስማር የለው፣ ትራስ የለው። ሲሚንቶ እንደ ጥብጣብ ሲታጠፍ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው፤ ወንበሩም በዘመኑ የቤት ዕቃ ታሪክ ውስጥ ተገቢ ስፍራ አግኝቷል።

ነገር ግን ጥብጣቡ እንዳይሰነጠቅ የያዘው ስውር አጋር ማን ነበር? አስቤስቶስ ነበር። የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርና ሌላ የሳንባ ደዌ እንደሚያስከትል ዛሬ በግልጽ ይታወቃል። የጉዳቱ ዋና ተሸካሚም በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው ሳይሆን ንጣፉን የሚቆርጠውና የሚሞርደው ሠራተኛ ነው። ጉል ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ ወንበሩን አስቤስቶስ ለሌለበት አዲስ ድብልቅ እንዲስማማ አድርጎ እንደገና ነድፎታል። ይህም ለሙያው የነበረውን ኃላፊነት ያሳያል። ለእኛ ለሐያስያን ግን የሚቀረን ትምህርት አለ። የአንድን ዕቃ የውጭ መስመር ስናደንቅ በውስጡ ምን እንዳለና ማን እንደ ደከመበት ካልጠየቅን፣ አድናቆታችን ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው የሌላው ስዊሳዊ የሽቴፋን ጽቪኪ ሥራ ነው። ለ ኮርቡዚዬ፣ ፒየር ዣንሬና ሻርሎት ፔሪያን በ1928 የነደፉትና «ግራን ኮንፎር»፣ ማለትም «ታላቅ ምቾት» የተባለው ባለ ቆዳ ትራስ ወንበር ይታወቃል። ጽቪኪ በ1980 የዚህኑ ወንበር መልክ ወስዶ ትራሶቹን በኮንክሪት፣ የሚያብለጨልጨውን የብረት ቱቦ ደግሞ በተራ ፌሮ ተካው። ስሙንም «ታላቅ ምቾት፣ ያለ ምቾት» የሚል ትርጉም ሰጠው፤ ከዚያም በፈረንሳይኛ «ክብር» እና «ጉዳት» የሚሉት ቃላት ድምፅ መቀራረቡን ተጠቅሞ በታላቁ አርክቴክት ላይ ትንሽ ቀለደ። እዚህ ላይ በአርማታ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ብረት ወደ ውጭ ወጥቷል። ሥራው ጥሩ ቀልድ ነው፤ አንድ ጊዜ ያስቃል፣ ያሳስባልም። ለመቀመጥ ግን አይጋብዝም፤ ይህንንም ነዳፊው ራሱ አይክድም።

ሦስተኛው በዚያው በ1980 ስዊድናዊው ዮናስ ቡሊን በስቶክሆልም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመመረቂያ ያቀረበውና «ኮንክሪት» ብሎ የሰየመው ወንበር ነው። በብረት ቱቦ አጽም ላይ የኮንክሪት መቀመጫና የኮንክሪት መደገፊያ ተሰክተውበታል። በኋላ ሼለሞ የተባለው ድርጅት በቁጥር የተወሰነ ቅጂ አሠራለት። ስዊድን ቀላልና ምቹ በሆነ የእንጨት ዕቃዋ የምትታወቅ አገር ስለሆነች ወንበሩ የቤት ዕቃ ነው ወይስ ቅርጻ ቅርጽ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ቡሊን ያነሣው ጥያቄ ጠቃሚ ነበር፤ ምቾት ብቻውን የዕቃ መለኪያ ሊሆን ይገባዋልን የሚል ነውና። መልሱ ግን በእኛ አስተያየት ግማሽ መልስ ነው። ኮንክሪቱን ያዋለው የሰው ገላ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ቅዝቃዜው፣ ሸካራነቱና ክብደቱ ሁሉ በጉድለት በሚቆጠሩበት ቦታ ማለት ነው። ቁሱ እንዲናገር እንጂ እንዲያገለግል አልተጠየቀም።

እንግዲህ የጉል ኮንክሪት አጋሩን ሰወረ፤ የጽቪኪና የቡሊን ደግሞ አጋሩን ገለጠ፣ ዳሩ ግን ለራሱ ተስማሚ ሥራ አላገኘም። አጋሩን የማይሰውር፣ ኮንክሪቱንም በሚችለው ሥራ ላይ የሚያውል ዕቃ ይኖር ይሆን? የሊና ማቆሚያ የሚጠቅመን ለዚህ ጥያቄ ነው።

የሊና መንገድ

ሊና ቦ በ1914 በሮም ተወለደች። አርክቴክቸርን እዚያው ተምራ ጦርነቱ ባወደማት ሚላን ሠራች። በ1946 ከባሏ ከፒየትሮ ማሪያ ባርዲ ጋር ወደ ብራዚል ሄደች፤ በ1951ም የብራዚልን ዜግነት ተቀበለች። ባሏ በ1947 የተመሠረተውን የሳን ፓውሎን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት በዳይሬክተርነት መርቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ባሂያ አውራጃ ወርዳ የሕዝቡን የእጅ ሥራ በቅርብ አጠናች። በሳልቫዶር ከተማ ባደሰችው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የሠራችው የእንጨት ደረጃ ምስክር ነው፤ እርከኖቹ የተያያዙት ያለ ሚስማር፣ የበሬ ጋሪ ሠሪዎች በሚያውቁት የመጋጠሚያ ዘዴ ነው። መጋጠሚያ ለእርሷ የሚደበቅ ነገር እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በሳን ፓውሎ በፓውሊስታ ጎዳና ላይ የተሠራው አዲሱ የሙዚየም ሕንፃ በ1968 ተከፈተ። የመሐንዲስነቱን ሥራ የሠራው ፊጌሬዶ ፌራዝ ነበር። ሕንፃው ከመሬት 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከ70 ሜትር በላይ በሆነ ርቀት መካከል አንድም ምሰሶ ሳይኖረው በታላላቅ የኮንክሪት ተሸካሚዎች ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው ሜዳ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከላይ ያለው የሥዕል አዳራሽ ደግሞ ምሰሶም ሆነ የውስጥ ግድግዳ የሌለው፣ በረጃጅም ጎኖቹ በመስተዋት የተከበበ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። እንግዲህ ግድግዳ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ሥዕል የት ይሰቀላል?

የሊና መልስ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱን መቆሚያ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ነበር። ከታች ኩብ ቅርጽ ያለው የኮንክሪት መሠረት አለ። በመሠረቱ ውስጥ ለመስተዋቱ መግቢያ የሚሆን ጠባብ ክፍተት ተትቷል። በክፍተቱ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጠንካራ መስተዋት ቀጥ ብሎ ይቆማል። መስተዋቱ እንዳይወዛወዝ በጎኑ የእንጨት ሽብልቅ ይገባል። ሥዕሉ በመስተዋቱ ላይ ይያያዛል፤ የሠዓሊው ስምና የሥራው መግለጫ ከበስተጀርባ ይቀመጣል። በአዳራሹ መግቢያ ላይ የቆመ ተመልካች የራፋኤልን፣ የቫን ጎግን፣ የብራዚላዊውን የፖርቲናሪን ሥራዎች በአየር ላይ የቆሙ ያህል በአንድ ጊዜ ያያቸዋል።

እስቲ የሥራ ክፍፍሉን እንመርምር። ኮንክሪቱ የተቀመጠው በእግር ነው። እዚያ ላይ ክብደቱ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ዋና ጥቅሙ ይሆናል፤ ከባድ በመሆኑ መስተዋቱ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ማንም አይቀመጥበትም፤ ስለዚህ ቅዝቃዜውና ሸካራነቱ ማንንም አያስቸግርም። የሚደርስበት ኃይል በአብዛኛው ጫና ነው፤ ጫናን መቀበል ደግሞ የሚያውቀው ሥራ ነው። መስተዋቱ በበኩሉ ሥዕሉን ተሸክሞ ከዐይን ይሰወራል። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዐይናችን ኮንክሪትን ከባድ፣ መስተዋትን ቀላል አድርጎ ይገምታል። በሚዛን ሲታይ ግን አንድ ሜትር ኩብ መስተዋት 2500 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከኮንክሪት ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሊና ያጋባቻቸው ሁለት ቁሶች በክብደት እኩያሞች ናቸው። አንዱ ክብደቱን ያሳያል፤ ሌላው ክብደቱን ይሸሽጋል። የሥዕሎቹ መንሳፈፍ የተገኘው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው አጋር፣ ሽብልቁ፣ ከሁሉ ትንሹ ነው። ኮንክሪትና መስተዋት ሁለቱም ደረቅ፣ የማይታዘዙ ቁሶች ናቸው። በቀጥታ ቢነካኩ ደካማው ወገን ይሰነጠቃል። በመካከላቸው የሚሰጥ፣ የሚጨመቅ፣ መልሶ የሚገፋ ነገር ያስፈልጋል፤ ይህም እንጨት ነው። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ሽብልቅ እንደሚመታበት በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሊና ይህንኑ የአናጢ ዘዴ ወስዳ በዓለም ውድ ከሆኑት ሥዕሎች ሥር አዋለችው። መጋጠሚያው አልተቀባም፣ በክዳን አልተሸፈነም። ሙጫ ቢሆን ኖሮ አንዴ የተጣበቀው ለዘለዓለም ይጣበቅ ነበር፤ ሽብልቅ ግን ሲያስፈልግ ይወጣል፣ መስተዋቱ ይለወጣል፣ መሠረቱ እንደገና ያገለግላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት አንድ ዓይነት የሆኑ ነገሮች በዝተው ስለሚያገኙት ኃይል ይናገራል። እዚህ የምናየው ግን ከዚያ የተለየ ኅብረት ነው፤ የማይመሳሰሉ ሦስት ነገሮች እያንዳንዳቸው ሌላው የማይችለውን ሥራ ወስደው ተስማምተዋል።

ክርክሩ

ሆኖም ሥራው ተቃዋሚዎች አላጡትም። በ1996 ማቆሚያዎቹ ተነሥተው በአዳራሹ ውስጥ ግድግዳዎች ቆሙ፤ ሥዕሎቹም እንደ ሌሎች ሙዚየሞች በግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ሊና በ1992 አርፋ ስለነበር ይህን አላየችም። በማቆሚያው ላይ ሊሰነዘሩ የሚችሉት ነቀፋዎች ከንቱ አይደሉምና በተራ እንመልከታቸው።

አንደኛ፣ ብዙዎቹ የጥንት ሥዕሎች የተሠሩት ለግድግዳ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ላይ ወይም በመኳንንት አዳራሽ እንዲቆሙ ታስበው ነው። በባዶ አየር መካከል ሲቆሙ ቦታቸውን ያጣሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሙዚየሙ ነጭ ግድግዳም ቢሆን መሠዊያውን አይመልስላቸውም። ሥዕሉ ቦታውን ያጣው ከመጀመሪያ ስፍራው በተነሣበት ቀን ነው፤ ማቆሚያው ይህን እውነት ሳይሸፍን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የሠዓሊው ስም ከጀርባ መሆኑ ተመልካቹን ያደናግራል ይባላል። በእኛ አስተያየት የሥራው ዋና ዓላማ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው አሰቃቀል ሰው አስቀድሞ ጽሑፉን ያነባል፤ ታላቅ ስም ካየ ቆሞ ያደንቃል፣ ያላወቀው ስም ከሆነ ያልፋል። ያልተማረው ተመልካች ደግሞ ማንበብ ባለመቻሉ የማየትም መብት የሌለው ይመስለዋል። በሊና አዳራሽ ውስጥ የተማረውም ያልተማረውም በሥዕሉ ፊት እኩል ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። መግለጫው አልተከለከለም፤ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ወደ ኋላ የዞረ ሁሉ ያገኘዋል። በዚያም ከስሙ በተጨማሪ የሥዕሉን ጀርባ ያያል፤ የሸራውን ክር፣ የእንጨቱን አጥር፣ በየዘመኑ የተለጠፈበትን ምልክት ይመለከታል። ሊና ሥዕል ከሰማይ የወረደ ቅዱስ ነገር ሆኖ ሳይሆን በሰው እጅና ልፋት የተሠራ ሥራ ሆኖ እንዲታይ ትፈልግ ነበር። ለዚህ ከሥዕሉ ጀርባ የሚበልጥ አስተማሪ የለም።

ሦስተኛው ነቀፋ ግን ከባድ ነው። መስተዋት ያንጸባርቃል፤ ከሥዕሉ ዙሪያ የሚታየው የሌላ ሥዕል ጀርባና የሚዘዋወሩ ሰዎች እግር ዐይንን ይበትናል። ጥቃቅን ዝርዝር ያለውን ትንሽ ሥዕል ረጋ ብሎ ለማየት የሚፈልግ ሰው ይቸገራል። በመስተዋት ግድግዳ የሚገባ የቀን ብርሃንም ቁጥጥር ካልተደረገበት ያረጀ ቀለምን ይጎዳል። እነዚህን ጉድለቶች በአድናቆት ብቻ መሸፈን ተገቢ አይሆንም። ሊና ሁሉን ሥዕል በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ማቆሟ ለታላላቁ ሸራ ጠቅሟል፤ ለትንሹ ግን ሁልጊዜ አልተመቸም።

በሌላ ሥራዋም ተመሳሳይ ድካም ይታያል። በሳን ፓውሎ ከአሮጌ ፋብሪካ ወደ ሕዝብ የባህልና የስፖርት ማእከል በለወጠችውና ከ1982 ጀምሮ በየደረጃው በተከፈተው በፖምፔያ ማእከል ውስጥ፣ ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛዎችና መቀመጫዎች በኮንክሪቱ መካከል ተቀምጠዋል። ኮንክሪቱ ክፍሉን ይሠራል፤ የሰው ክንድና ጀርባ የሚነካው ግን እንጨቱን ነው። ክፍፍሉ ትክክለኛ ነው። በቲያትር አዳራሹ ግን ወንበሮቹን ያለ ትራስ ተወቻቸው፤ ተመልካች በጣም ሊመቸው አይገባም የሚል ሐሳብ ነበራት። ሐሳቡ የቡሊንን ይመስላል፤ መልሱም ያው ነው። ረጅም ተውኔት የሚያይ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ መሆኑን ማሰብ ይገባ ነበር።

ያም ሆነ ይህ፣ የ1996ቱ ውሳኔ ጉድለቶቹን ለማረም ሳይሞክር መልካሙን ሐሳብ አብሮ ያስወጣ ነበር። በታኅሣሥ ወር 2015 ሙዚየሙ የመስተዋት ማቆሚያዎቹን እንደገና ሠርቶ ወደ አዳራሹ መለሳቸው። የቆሞው ግድግዳ ፈርሶ አዳራሹ እንደ ቀድሞው ከዳር እስከ ዳር ታየ። የነዳፊዋ ንድፍ ያለ ብዙ ችግር እንደገና ሊሠራ የቻለበት አንዱ ምክንያት መጋጠሚያው ምሥጢር የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ኩብ፣ አንድ መስተዋት፣ አንድ ሽብልቅ፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያወቀም ሊሠራው ይችላል።

ማጠቃለያ

ይህ አሠራር ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በአገራችን የገጠር ቤት ውስጥ ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን መደብ እናስታውስ። መደቡ ጽኑ፣ ከባድና የማይንቀሳቀስ ነው። ገላ የሚያርፈው ግን በላዩ በሚነጠፈው ጀንዲ ወይም አጎዛ ላይ ነው። ጠንካራው ይሸከማል፤ ለስላሳው ይቀበላል። ቁርበቱ በየጊዜው ተነሥቶ በፀሐይ ይሰጣል፣ ይራገፋል፣ ሲያረጅም ይለወጣል፤ መደቡ ባለበት ይኖራል። መደቡን የሠራው ሰው ስለ ቁሶች ውሕደት መጽሐፍ አላነበበም፤ የትኛው ቁስ የትኛውን ሥራ እንደሚችል ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ በኮንክሪት የተሠራ የቤት ዕቃ ሲቀርብልን ልንጠይቃቸው የሚገቡን ጥያቄዎች ከላይ ካየነው ይወጣሉ። ኮንክሪቱ የዋለው ክብደቱ በሚጠቅምበት ቦታ ነውን? ድካሙን የሚሸፍንለት አጋር ማን ነው? በሠራተኛውስ ላይ ጉዳት አያደርስም? ሁለቱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ተገልጦ የሚታይ፣ ሲበላሽም ተራ ባለ ሙያ ፈቶ ሊጠግነው የሚችል ነውን? በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ የጉል ወንበር በመስመሩ ያምራል፣ በመጀመሪያ አጋሩ ግን ይወድቃል፤ የጽቪኪና የቡሊን ወንበሮች ጥያቄ ያነሣሉ፣ ተቀማጩን ግን ይረሳሉ።

የሊና ማቆሚያ ከነጸብራቁና ከነጉድለቱ ከሦስቱ ይበልጣል። ምክንያቱም በእርሷ ሥራ ውስጥ የቁሶቹ ስምምነት ለራሱ ሲባል የተደረገ አይደለም፤ አንድ ሰው ወደ ሙዚየም ገብቶ የማንንም ፈቃድና ስም ሳይጠብቅ ሥዕል እንዲያይ ለማስቻል የተደረገ ነው። ለዚህ ሥራ ኮንክሪቱ እግሩን፣ መስተዋቱ ትከሻውን፣ እንጨቱም ትንሿን ሽብልቅ አዋጥተዋል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሥዕሉ መሬት ላይ ነው።